የሃሪ ቱኩ የሕይወት ታሪክ፤ ከናይሮቢ አደባባይ እስከ ማርሳቢት ግዞት

በአንድ አገር ሁከት በተነሣ ጊዜ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወለዳል። አንደኛው በስፍራው ቆሞ በዓይኑ ያየ ሰው የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሩቅ ተቀምጦ የሰማ ወይም የገመተ ሰው የሚሰጠው አስተያየት ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አጭርና የተቈራረጠ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የተስተካከለና ለጆሮ የሚጥም ስለሚሆን በሰዎች ዘንድ ቶሎ ይሠራጫል፤ በመዝገብም ቶሎ ይሰፍራል። ከዚህም የተነሣ ታሪክ ለሚያስተምር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው። ስለዚህ ነገር የሃሪ ቱኩን ሕይወት ያህል ብዙ የሚያስተምር ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ ጥቂት ነው።

ሃሪ ቱኩ በኬንያ ውስጥ አፍሪካውያንን በፖለቲካ ማኅበር ካሰባሰቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ስሙ ዛሬ በናይሮቢ ከተማ በአንድ መንገድ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ምንም እንኳ ባያውቀው፣ የዚህን ሰው ሕይወት ወደ ኋላ እየተከተለ ይሄዳል፤ በፊት የሚያገኘው የማርሳቢት ተራራ ቱኩ በግዞት የኖረበት ስፍራ ሲሆን፣ በመጨረሻ የሚደርስበት የናይሮቢ አደባባይ ደግሞ በእርሱ ምክንያት ደም የፈሰሰበት ስፍራ ነውና። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቱኩ የተወለደው በ1895 ከኪኩዩ ሕዝብ ወገን በኪያምቡ ነው። ይኸው ዓመት እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ምድር በሞግዚትነት ይዘናል ብለው ያወጁበት ዓመት ነበረ፤ ስለዚህ ሕፃኑና አዲሱ አገዛዝ እኩል አደጉ ማለት ይቻላል። በ1907 በካምቡይ ወደሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ለአራት ዓመት ያህል ማንበብና መጻፍ ተማረ። በ1911 ወደ ናይሮቢ ወርዶ በአንድ ባንክ መልእክተኛ ሆነ። ነገር ግን ወዲያው ሐሰተኛ የገንዘብ ሰነድ አዘጋጅቷል ተብሎ ተከሰሰና ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤት ከወጣ በኋላ ሊደር በሚባለው የነጮች ሰፋሪዎች ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። በዚያም ሰፋሪዎች ስለ አፍሪካውያን የሚጽፉትን ሁሉ ከማንም አፍሪካዊ በፊት ያይ ነበረ። በአንድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ የተማረው በዚህ ሥራ ላይ ሳለ መሆን አለበት። በ1918 ደግሞ በመንግሥቱ የገንዘብ መሥሪያ ቤት የቴሌፎን ሠራተኛ ሆኖ ገባ።

በዚያን ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያለቀበትና ሕዝቡ እፎይታን የሚጠብቅበት ወራት ነበረ። ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት ተሸክመው ወደ ታንጋኒካ ከዘመቱት አፍሪካውያን መካከል እጅግ ብዙዎቹ በበሽታና በድካም በየመንገዱ ቀርተዋል። የተመለሱት ግን ያገኙት ዕረፍት ሳይሆን አዲስ ቀንበር ነው። በ1920 አገሪቱ ቅኝ ግዛት ተብላ ተሰየመች። ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ አፍሪካዊ ሁሉ ኪፓንዴ የሚባለውን የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት በብረት ማኅደር አድርጎ እንዲይዝ ግዴታ ሆነ፤ ብዙዎቹም በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበረ። የጎጆ ግብር ወደ 16 ሺልንግ ከፍ አለ። በ1921 ደግሞ የእርሻ ዋጋ ስለ ወደቀ ሰፋሪዎቹ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ በሢሶ ለመቀነስ ተስማሙ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሴቶችና ልጃገረዶች በየባላባቱ ትእዛዝ ወደ ነጮች እርሻና ወደ መንገድ ሥራ በግድ መወሰዳቸው ነበረ። ግብሩ ሲጨምር ደመወዙ የሚቀንስበት ሰው ወዴት እንደሚገፋ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልገውም።

ቱኩና ባልንጀሮቹ በሰኔ 1921 የኪኩዩ ወጣቶች ማኅበርን አቋቋሙ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቈዩም ማኅበሩ የአንድ ነገድ ብቻ እንዳይሆን ብለው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር የሚል ስም ሰጡት። ከእነርሱ አስቀድሞ በባላባቶች የሚመራ የኪኩዩ ማኅበር ነበረ፤ ነገር ግን ባላባቶቹ በመንግሥት የተሾሙ ስለ ሆኑ አቤቱታቸው በልክ የተመጠነ ነበረ። ወጣቶቹ ግን በሐምሌ 1921 በናይሮቢ ትልቅ ስብሰባ አድርገው አቤቱታቸውን በቴሌግራም በቀጥታ ወደ ሎንዶን ላኩ። ኤም. ኤ. ዴሳይ የተባለ ሕንዳዊ የጋዜጣ አዘጋጅ ለሥራቸው የሚሆን ስፍራ ሰጣቸው፤ በማተም ሥራም ረዳቸው። መንግሥትም ቱኩን ከማኅበሩና ከሥራው አንዱን እንዲመርጥ ባዘዘው ጊዜ ሥራውን ተወ።

ከዚያ በኋላ በየአውራጃው እየተዘዋወረ ያስተምር ጀመር። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሄዶ ከሉዎ ሕዝብ ጋር ተነጋገረ። በ1922 መጀመሪያ በኪኩዩ አገር ባደረጋቸው ስብሰባዎች በሺህ የሚቈጠር ሰው ይሰማው ነበረ። ሕዝቡ ኪፓንዴውን ሁሉ ሰብስቦ ለገዢው እንዲመልስ ይመክር ነበረ። ሴቶቹም ስለ ግዳጅ ሥራ ስለ ተሟገተላቸው የልጃገረዶች አለቃ እያሉ ዘፈኑለት። በዚህን ጊዜ ባላባቶቹም ሰፋሪዎቹም ፈሩ። አንዳንድ ባላባቶች በመሐላ የተረጋገጠ የምስክርነት ቃል በጽሑፍ ሰጡበት፤ በዚህም ምክንያት መንግሥት ለጸጥታ አደገኛ ሰው ነው ብሎ መጋቢት 14 ቀን 1922 ምሽት ያዘው።

በማግሥቱ የናይሮቢ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ወጣ። የቤት አሽከሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ሠረገላ ነጂው፣ ቀን ሠራተኛው ቱኩ ወደ ታሰረበት የፖሊስ ጣቢያ ተሰበሰበ፤ ሕዝቡም በሺህ የሚቈጠር ሆነ። ብዙው ሰው በዚያው አደረ። መጋቢት 16 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መጋቢት 7 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሕዝቡ መካከል ስድስት ሰዎች ተመርጠው ወደ ቅኝ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ ወደ ሰር ቻርልስ ቦውሪንግ ሄዱ። እርሱም እስረኛው እንደማይለቀቅ፣ ነገር ግን ክፉ እንደማይደርስበት ነገራቸው። መልእክተኞቹ ተመልሰው ሕዝቡ ወደየቤቱ እንዲገባ ለመኑ፤ አንዳንዱም ይበተን ጀመር።

ከሕዝቡ ኋላ ብዙ ሴቶች ቆመው ነበረ። ወንዶቹ ተታልለዋል፤ ምናልባትም ጉቦ ተቀብለዋል ብለው ተቈጡ። ከእነርሱም አንዷ፣ ሜሪ ሙቶኒ ንያንጂሩ የምትባል ሴት፣ ወደ ፊት ወጥታ ልብሷን እስከ ትከሻዋ ገለበችና ወንዶቹ የእርሷን ቀሚስ ወስደው ሱሪያቸውን ለእርሷ እንዲሰጧት ተናገረች። ይህ አድራጎት በኪኩዩ ልማድ ከርግማን ሁሉ የሚከብድ ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን እናት ጡቷን አውጥታ ስትማጸን ጠበኛ እንደሚቆም፣ በኦሮሞም ዘንድ ሲንቄ የያዘች ሴት ከፊት ስትቆም ሰው እንደማያልፋት የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። ልዩነቱ በሲንቄ ሴት ጠብን የምታበርድ ስትሆን፣ ንያንጂሩ ግን ፍርሃትን ለማስወገድ ማድረጓ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሕዝቡም በጠቅላላው ወደ ፖሊሶቹ ሳንጃ ተጠጋ። ወዲያው ተኩስ ተከፈተ። ንያንጂሩ መጀመሪያ ከወደቁት መካከል ነበረች።

የታሪኩ አከራካሪ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። መንግሥት የሞቱት 21 ሰዎች ናቸው፣ ከእነርሱም አራቱ ሴቶች ናቸው ብሎ አስታወቀ። ሬሳ በተከማቸበት በአፍሪካውያን ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ግን 56 ሬሳ እንደ ቈጠሩ ተናገሩ። በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል የሚል ወሬ ነበረ። ከጣቢያው አጠገብ ኖርፎልክ የሚባለው የነጮች ሆቴል ይገኝ ነበረ፤ አፍሪካውያን ምስክሮች በሆቴሉ በረንዳ ላይ የነበሩ ሰፋሪዎችም በሕዝቡ ላይ ተኩሰዋል ብለው አጥብቀው መሰከሩ። በ21 እና በ56 መካከል ያለው ልዩነት የቁጥር ብቻ አይደለም። 21ዱ በመንግሥት ወረቀት ላይ ታትሞ ለእንግሊዝ ፓርላማ ቀረበ፤ 56ቱ ግን ሬሳውን በእጃቸው ያነሡ ሰዎች ቃል ሆኖ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቈየ። ለሚያስተውል ሰው ግን ሬሳ ያነሣ ሰው ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከዚያ በኋላ በስፍራው ያልነበሩ ሁሉ አስተያየታቸውን ሰጡ። ሰፋሪዎቹ የሁከቱ ሥር ሕንዶች ናቸው፣ ቱኩ የእነርሱ መሣሪያ ነው አሉ፤ በዚያን ጊዜ ሰፋሪዎችና ሕንዶች በምርጫ መብትና በመሬት ነገር ይጣሉ ስለ ነበረ ይህ አባባል ለክርክራቸው የተመቸ ነበረ። በሎንዶን የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ ሁከቱ የተጻጻፈው ደብዳቤ በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ። በአሜሪካ የጥቁሮችን ትልቅ ማኅበር የሚመራው ማርከስ ጋርቬይ ደግሞ ከተኩሱ ጥቂት ቀናት በኋላ ወደ እንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ሎይድ ጆርጅ የተቃውሞ ቴሌግራም ላከ። ከነጮቹም ወገን የቅኝ ግዛቱ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ የነበረው ማክግሬጎር ሮስ የአገሩን ልጆች ሳይፈራ መንግሥትን ነቀፈ፤ በ1927 ስለ ኬንያ ባሳተመው መጽሐፍም ነገሩን ለእንግሊዝ አንባቢ ዘርዝሮ አቀረበ። ስለዚህ ከውጭ የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ከሩቅ የመጣ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ላልተሰማው ሰው ጠበቃ ይሆናል። ነገር ግን ያ ድምፅ የሚታመነው አስቀድሞ ያየውን ሰው ጠይቆ እንደ ሆነ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የንያንጂሩ ነገር ነው። በዚያች ቀን ከማንም ይልቅ የሠራችው እርሷ ሳለች ታሪኳን በጽሑፍ ለማኖር የተቻኰለ አልነበረም። ጆብ ሙቹቹ የተባለው የዓይን ምስክር ያየውን ለታሪክ ጸሐፊዎች ነግሮ፣ ቃሉ በ1966 ታትሞ እስኪወጣ ድረስ፣ 44 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ታሪኳን የያዘው የሰዎች ትዝታ ብቻ ነበረ። ምስክሩ በመካከሉ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኳ ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር።

ቱኩ ራሱ በዚያች ሰዓት ከሕዝቡ መካከል አልነበረም፤ ሕዝቡ በስሙ እየጮኸ ሲወድቅ እርሱ በጣቢያው ውስጥ ተዘግቶ ነበረ። ወዲያውም ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ። በዚያን ጊዜ ኪስማዩ በእንግሊዞች እጅ ነበረች፤ በ1925 የጁባ ማዶ አገር ለኢጣሊያ በተሰጠ ጊዜ እስረኛው ወደ ላሙ፣ ቀጥሎም ወደ ዊቱ፣ በመጨረሻም ወደ ማርሳቢት ተዛወረ።

ማርሳቢት ከሞያሌ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በበረሃ መካከል ብቻውን የቆመ፣ ደንና ጉም ያለበት ተራራ ነው። ዙሪያውን ቦረና፣ ገብራና ሬንዲሌ ከብትና ግመል ይጠብቁበታል፤ ከኢትዮጵያ ወሰን የተሻገሩ ቡርጂዎችም በተራራው ላይ ያርሱ ነበረ። ያ ምድር በሙሉ እስከ ሞያሌ ጠረፍ ድረስ የሰሜን ወሰን አውራጃ ይባል ነበረ፤ ያለ ፈቃድ ከውጭ የሚገባበት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ነጋዴውም ሚሲዮኑም ጋዜጠኛውም እንደ ልቡ አይመላለስበትም። መንግሥት ስፍራውን ለግዞት የመረጠበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል፤ አንድን ሰው ዝም ለማሰኘት ምላሱን መቍረጥ አያስፈልግም፤ ሰሚ ወደሌለበት መውሰድ ይበቃል። ከዚህም ጋር የሰሜኑ ሕዝብ ራሱ የግዞተኛውን ዕጣ ይካፈል እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በናይሮቢ የተተኰሰው ጥይት ወሬ እስከ ሎንዶንና እስከ ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ በሞያሌና በማርሳቢት በረሃ የሚደርሰው በደል ግን የሚዘግበው የአስተዳዳሪው ብዕር ብቻ ነበረ።

ቱኩ በማርሳቢት ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም፤ መሬት ቈፍሮ እህልና አትክልት ያለማ ነበረ። በአገሩ ሕዝቡ በየጸሎቱ ስሙን ይጠራ ነበረ፤ እንደ ሙሴም የሚቈጥሩት ነበሩ። ማኅበሩ ቢፈርስም ልጆቹ በሌላ ስም ተነሡ፤ የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ተቋቋመ። በደሉም በከፊል ቀለለ፤ የጎጆ ግብሩ ወደ 12 ሺልንግ ዝቅ አለ። ስለዚህ የናይሮቢ ሟቾች ደም ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም፤ ኪፓንዴ ግን እስከ 1947 ድረስ አልተሻረም።

በ1930 መጨረሻ፣ ከስምንት ዓመት በላይ በግዞት ከቈየ በኋላ፣ ቱኩ ተለቀቀ። በ1932 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ነገር ግን በግዞት የበሰለው ሰው አሁን የሚያምነው በዝግታና በሕግ በሚሄድ ሥራ ነበረ። ከባልደረቦቹ ጋር ስላልተስማማ በ1935 የራሱን ማኅበር አቋቋመ። በ1944 የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ለቀቀ። የማው ማው ጦርነት በተነሣ ጊዜም የኃይልን መንገድ ተቃወመ፤ በታኅሣሥ 1952 በራዲዮ ወጥቶ ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገረ። ብዙዎች ይህን አላወሱለትም፤ በፊት ስለ እርሱ ሲሉ ደም ያፈሰሱት ሰዎች ልጆች ከዳተኛ አሉት። በፊት አደገኛ ሁከተኛ ያሉት ነጮች ደግሞ አስተዋይና ታማኝ ሰው ይሉት ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው አንድ ነው። በ1922 የሎንዶንና የናይሮቢ ሹማምንት የሰጡት ስምና በ1952 የሰጡት ስም ግን ፈጽሞ የተቃረኑ ናቸው። የሕዝቡም እንዲሁ ተገልብጧል። ይህ የሚያሳየው ሰው በሌላው ላይ የሚሰጠው አስተያየት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለሚታየው ሰው ሳይሆን ስለሚያየው ሰው ጥቅምና ፍርሃት መሆኑን ነው። ቱኩ በመጀመሪያ ዘመኑ ጉልበተኛን የደፈረ፣ በኋላ ዘመኑ ደግሞ የገዛ ወገኑን አስተያየት የደፈረ ሰው ነበረ። በሁለተኛው ተሳስቷል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነፃነቱ ያለ ትግሉ አይመጣም ነበር የሚሉም ብርቱ ማስረጃ አላቸው። ነገር ግን ሁለተኛውን ዘመን አይቶ የመጀመሪያውን መፋቅ፣ ወይም የመጀመሪያውን ብቻ ተርኮ ሁለተኛውን መደበቅ፣ ታሪክ ማስተማር አይባልም።

ቱኩ የቀረውን ዕድሜውን በኪኩዩ አገር ቡና በማልማት አሳለፈ። ቡና ለብዙ ዘመን በነጮች እጅ ብቻ ተይዞ የነበረ ሰብል ስለ ሆነ፣ አፍሪካዊ ገበሬ ቡናን ለገበያ ማቅረቡ ራሱ አንድ ድል ነበረ። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነፃ ስትወጣ በሕይወት ነበረ። በመጨረሻም ኬኔት ኪንግ ከተባለው የታሪክ ሊቅ ጋር ሆኖ የራሱን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በ1970 ታተመ። ሌሎች ሃምሳ ዓመት ያህል ስለ እርሱ ሲናገሩ ከኖሩ በኋላ ባለቤቱ የራሱን ቃል ለትውልድ አስረከበ። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሰኔ 7 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በ75 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በስሙ የሚጠራው የናይሮቢ መንገድ የሚያልፈው በዚያው በኖርፎልክ ሆቴል በኩል ነው። ማርሳቢትም ሞያሌን ጨምሮ በአንድ አውራጃ የሚተዳደር ሲሆን፣ በፊት የግዞት መንገድ የነበረው አሁን በአስፋልት ተሠርቶ ሁለቱን አገሮች ያገናኛል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር መምህር ይህን ታሪክ ሲተርክ፣ ቁጥሩን ሲሰጥ የማን ቁጥር እንደ ሆነ፣ ወሬውን ሲነግር ነጋሪው በስፍራው ቆሞ እንደ ነበረና እንዳልነበረ አብሮ ቢያስረዳ፣ ተማሪው የአንድን ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን የማመዛዘንን ጥበብም ይዞ ይወጣል። ወደፊት ሁከት በተነሣ ቀን፣ በአደባባይ የወደቁትን ሰዎች ስማቸውን ጠይቆ የሚጽፍ፣ የሰማውንም አየሁ የማይል ዜጋ የሚገኘው እንዲህ ካለው ትምህርት ነው።